ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ፣ መረሬው ጎማ በሚውጥበት፣
ኮንቴይነር አለኝ፣ «ዲናሞ ይታደሳል» የተጻፈበት።
«ዲ»ዋን ዝናብ ልጧታል፤
«ናሞ» ብሎ የሚጠራኝ ደንበኛም ተገኝቷል።

ድንበሩ ዶልፊኑን ይዞ ሲመጣ ሦስተኛው ነበር በወሩ፤
እየተንጫጫ፣ እየተንሰቀሰቀ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ ሞተሩ።
«ጋሽ ዘርፉ፣ ዛሬም ያው ነው፤ የባትሪው መብራት ይበራል፣
ቺንጋው ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ያማርራል።»

ቺንጋውን ቀይሬ ነበር፤ ከዚያም በፊት ወጣሪውን፤
ከዚያም በፊት ካርቦኑን፤ ድንበሩም ከፍሏል ሁሉን።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ብቻ አምኜ፣
ባንድ ጩኸት ተሸነፍኩ፣ ኮፈን ሥር እንደ ተማሪ ሆኜ።

ለሊሴ፣ ቁልፍ አቀባይዋ፣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣
«አጥፋው» አለችው ሹፌሩን። ማን እንድትናገር ፈቀደላት?
አጠፋው።
ሞተሩ ዝም ሲል፣ ከዝምታው ውስጥ ትንሽ ድምፅ ቀረ፤
አንድ የሚያንኮራፋ ነገር፣ ብቻውን ሁለቴ ዞረ።

«ፑሌጃው ነው» አለች። «ሆዱ ውስጥ ፍሪሲዮን አለ፤ አልቋል።
መያዝ ሲገባው ይለቃል፣ መልቀቅ ሲገባው ይይዛል።»
«ፑሌጃ ሆድ የለውም!» አልኩ። «ፑሌጃ ድፍን ብረት ነው፤
አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ፣ ስፈታ ስገጥም የማውቀው።»

ፈታነው።
እውነትም ጥቁር ክዳን ነበረው፤ ከክዳኑ ሥር ደግሞ ጥርስ፤
ለዚያ የሚሆን ቁልፍ የለኝ፤ ከቃሊቲ ተውሳ እስክትመለስ፣
ዲናሞውን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ድንበሩም ዝም፣ እኔም ዝም፤
የውሃ ቦቴ ጭቃ ረጭቶን ሲያልፍ እንኳን ቀና አላልንም።

አዲሱን ከሱማሌ ተራ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣች።
ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ያዘ። ወደ ግራ፤ ጣቴ ባዶ ሄደች።
«ይሄማ የተበላሸ ነው! መልሺለት!» አልኩ። ሳቀች።
ሳቋን በእጅጌዋ ልትሸፍን፣ ግራሶ ጉንጯን ቀባች።
«ጋሽዬ፣ ደህናው እንዲህ ነው፤ ባንድ በኩል ይጎትታል፣
በሌላው ግን ይተዋል።»

ይተዋል።

እኔ የማውቀው ዳዶ ነው፣ ዝጎ እንኳን የማይለቅ።
ልጄ ቁልፉን አስቀምጦ ሲወጣ፣ እዚሁ በር ላይ ስንተናነቅ፣
እኔ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ እሱ ገና እየዞረ፣
ይዤው ቀረሁ፤ ሲጮኽብኝ፣ ጥፋቱ የቺንጋው ይመስለኝ ነበረ።
አራት ዓመቱ። ይህን ለማንም አልተናገርኩ።
«አጥብቂው» አልኳት፣ «በልኩ።»

አመሻሽ ላይ ድንበሩ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ፤
መብራቷ ጠፋች፤ ቺንጋው ያን ሁሉ ጩኸት ጭራሽ ረሳ።
«ማነው ያገኘው?» አለ፣ ብሩን እየቆጠረ።
«ጋራዡ» አልኩ። አንደበቴ ከዚያ በላይ አልተባበረ።
ለሊሴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያም መልሳ አጎንብሳ፣
መረሬው የዋጠውን ዳዶ ለቀመች፣ ወደ ጣሳ።

«አንዴ አጥፋውማ» አልኩት።
አጠፋ።
ዝምታው ውስጥ ዲናሞው ብቻውን ዞረ፣ ለስለስ ብሎ፣
ማንም ሳይጎትተው፣ ማንንም ሳይጎትት፤ ቆመም፣ ድካሙን ተከትሎ።

ኮንቴይነሩን ቆለፍኩ። እሷ የቂሊንጦ ታክሲ ያዘች።
ፀሐይም በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሾልካ ገባች።
አሮጌው ፑሌጃ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በአውራ ጣቴ እያዞርኩት፣
ወደ ቀኝም፣ ወደ ግራም፣
ቤቴ ደርሼም፣ ከበሩ ፊት ቆሜ፣ ጥቂት ሰማሁት።